የሞያሌ የከብት ገበያ ጩኸት ሲፈታ

ወዳጆቼ፣ ኬንያ ሞያሌ የቁም እንስሳት ገበያ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ለጥቂት ደቂቃ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ። የቦረና ከብት እምቧ ይላል፣ የገብራ አርብቶ አደሮች ግመል ያጓራል፣ ፍየሉና በጉ ይንጫጫል፣ አህያው ያናፋል። በመሀሉ ደላላው በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በስዋሂሊ፣ ሲያሻውም በአማርኛ ዋጋ ይጠራል። የሰዎቹን ስሜት ቋንቋቸውን ባናውቅም ከድምፃቸው እንለያለን፤ የተቆጣው፣ የሚለማመጠው፣ ገበያ የቀናው ያስታውቃል። የእንስሳቱስ? እሱም ይለያል! ተመራማሪዎች ማይክሮፎን ይዘው በየበረቱ ሲዞሩ ያገኙት ነገር እኔን እጅግ ስለገረመኝ ለእናንተም ካልነገርኩ አልችልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ሲያልፍ የድምፅ አውታሮቹን ያርገበግባቸዋል። እንስሳው ሲደናገጥ ወይም ልቡ ሲነሣሣ ሰውነቱ ለመሮጥ ይዘጋጃል፤ ትንፋሹ ይበረታል፣ ጡንቻዎቹም አውታሮቹን ይወጥራሉ። የክራር ክር ሲወጠር ድምፁ እንደሚቀጥን ሁሉ የእንስሳውም ድምፅ ይቀጥናል፤ ይጮሃል፤ ይፈጥናል። ይህ ጉሮሮ በፍየልም፣ በፈረስም፣ በእኛም ዘንድ በአሠራሩ አንድ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ገና በ1872 እ.ኤ.አ. የሰውና የእንስሳት ስሜት የሚገለጥበት መንገድ ሥሩ አንድ መሆኑን በአንድ ሙሉ መጽሐፍ ተከራክሮበታል።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የድምፁ መቅጠንና መጮህ የሚነግረን ስሜቱ ምን ያህል እንደበረታ እንጂ ደግ ይሁን ክፉ አይደለም። መኖ ሲመጣላት ያየች ፍየልም፣ ከመንጋዋ የተነጠለች ፍየልም ሁለቱም ይጮኻሉ። ስለዚህ አንድን ጩኸት ስትሰሙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን ያህል በርትቷል? ደስታ ነው ወይስ ጭንቅ?

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ኤሎዲ ብሪፈርና አለን ማክኤሊጎት የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ፍየሎችን በተለያየ ሁኔታ ውስጥ አስገብተው ቀዱ፦ መኖ ሲጠብቁ፣ ሌላዋ ስትበላ እያዩ ሲከለከሉ፣ ብቻቸውን ሲቀሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ደስ ያላት ፍየል ድምፅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የከፋት ፍየል ድምፅ ግን ከፍ ዝቅ እያለ ይዋልላል። በኋላ ደግሞ፣ በ2019፣ ፍየሎች የሌላ ፍየል ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሲሰሙ ደግና ክፉውን እንደሚለዩ፣ የልብ አመታታቸውም ሳይቀር አብሮ እንደሚለወጥ ታየ። አንዷ ስትጨነቅ ሌሎቹ ይሰማቸዋል ማለት ነው! በአንድ ቡድን አብረው ያደጉ ግልገሎች ድምፃቸው እየተመሳሰለ እንደሚሄድም እነዚሁ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሰው በአነጋገሩ የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ በሚታወቅበት የድንበር ከተማ ይህን ማወቅ ደስ ይላል።

የፈረስ ደግሞ ይብሳል። አንድ ማሽካካት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ አሉ። የዙሪክ ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው አንደኛው የስሜቱን ብርታት፣ ሁለተኛው ደግነቱን ወይም ክፋቱን ይናገራል። ጓደኛው ሲመለስለት የሚያሰማው ማሽካካት አጠር ይላል። ከሁሉ ሰፊው ሥራ የተሠራው ግን በሞያሌ ገበያ ፈልጋችሁ በማታገኙት እንስሳ፣ በአሳማ ነው፦ ከ411 አሳማዎች፣ ከልደት እስከ ቄራ፣ 7,414 ድምፆች ተቀዱ። በ2022 የታተመው ውጤት ኮምፒዩተር ደጉን ከክፉው 92 በመቶ ያህል ለይቶ እንዳወቀ ይናገራል። እዚያም የደስታ ድምፅ አጭር ነው።

ላም ላይ ግን ቆም ልበል፤ የቦረና ምድር የላም ምድር ነውና። የኖቲንግሃምና የለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እናት ላሞች ሁለት ዓይነት ጥሪ እንዳላቸው ለኩ። ጥጃዋ አጠገቧ ስትሆን ላሚቱ አፏን ገጥማ ወይም በትንሹ ከፈት አድርጋ፣ ወፍራምና ዝግ ያለ ድምፅ ታሰማለች፤ አማካዩ 81 ኸርዝ ግድም ነው። ጥጃዋ ከዐይኗ ስትርቅ አፏን ከፍታ ትጣራለች፣ ድምፁም ወደ 153 ኸርዝ ይቀጥናል። እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። እያንዳንዷ ላምና ጥጃም የራሳቸው የሚለይ ድምፅ አላቸው። በቦረና ጥጆች ሠፈር ቀርተው እናቶች ለግጦሽ ይሄዳሉ፤ ማታ ከብቱ ሲገባ ሁለቱም ጥሪ በአንድ ጊዜ ይሰማል፣ ቀጭኑ ከሩቅ እየመጣ፣ ወፍራሙ ከተገናኙ በኋላ። በገበያው ጫፍ ወደ ናይሮቢ የሚሄደው የጭነት መኪና ሲጫን ደግሞ ቀጭኑ ብቻ ነው የሚሰማው። እውነቱን ለመናገር ይህን ካወቅሁ በኋላ ያንን ጩኸት እንደ ተራ ጫጫታ ማለፍ አልቻልኩም፤ እናንተም ባትችሉ ደስ ይለኛል። እናት ፍየልም ብትሆን ልጇ ጡት ከጣለ ከወራት በኋላ ድምፁን እንደማትረሳ በ2012 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል።

እኛ ሰዎችስ ምን ያህል እንሰማለን? በ2022 ከ48 አገሮች የተውጣጡ 1,024 ሰዎች የፍየል፣ የከብት፣ የፈረስና የአሳማ ድምፅ ሰምተው ስሜቱን እንዲለዩ ተጠየቁ። በትክክል የመለሱት ከግማሽ ጥቂት አለፍ ያለውን ብቻ ነው፣ 55 በመቶ ግድም። ከእንስሳት ጋር የሚሠሩት ግን ከሌሎቹ ተሽለው ተገኙ። ለአርብቶ አደር ይህ ምኑ ይገርመዋል!

ሰው ደግሞ የእንስሳን ድምፅ መስማት ብቻ ሳይሆን የራሱንም ድምፅ ያሰማል። ከሞያሌ ወደ ሰሜን፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ ሜጋን አልፎ ዱብሉቅ ላይ፣ ቦረናዎች ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚያወጡት በሰልፍ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉና እያዜሙ ነው። ዜማው ለእጃቸው ምት ይሰጣል፤ ከላይ ተራውን የሚጠብቀው ከብትም ዜማውን እየሰማ ይረጋል። ለእንስሳ በድምፅ መናገር በሌላም አገር የከበረ ጥበብ ነው። ልጇን አላጠባም ያለች ግመልን እየዘፈኑ ማባበል ከሞንጎሊያ በ2015፣ የግመል መንጋን በዜማ መጥራት ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከኦማንና ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

ግመልን ካነሣን አይቀር፣ በ2025 የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰባት ዓይነት እንስሳትን ድምፅ በአንድ ላይ ለኮምፒዩተር አስተምረው ደጉን ከክፉው 89 በመቶ ያህል እንዲለይ አድርገዋል። ከሰባቱ ውስጥ ላም፣ በግ፣ ፍየልና ፈረስ አሉ፤ ግመል ግን የለችም። ግመል ደግሞ ስንት ድምፅ አላት! ሲጭኗት ታጓራለች፣ ለግልገሏ በለሆሳስ ታንጎራጉራለች፤ ለመስረር የደረሰው ወንድ ለስላሳ ላንቃውን በአየር ነፍቶ ከአፉ ጎን እያወጣ ይንቦጫረቃል። ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ያለ አንድ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ስልኩን ይዞ ገብራ ሽማግሌ አጠገብ ቢቀመጥ፣ ግመሏ ከግልገሏ ስትለይና ስትገናኝ፣ ወደ ውሃ ስትቀርብና ከውሃ ስትከለከል ቢቀዳ፣ ሽማግሌውንም በእያንዳንዱ ድምፅ «አሁንስ ምን ተሰማት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ስምንተኛው እንስሳ ከሞያሌ ሊመጣ ይችላል።