ከኮፒ ቤት ወደ ድረ ገጽ

ነገሌ ቦረና ላይ በዋናው መንገድ ዳር ያሉ ኮፒ ቤቶች የማይሠሩት ሥራ የለም። የሰርግ መጥሪያ፣ ማመልከቻ፣ የሱቅ ባነር፣ የተማሪ መታወቂያ፣ ሁሉም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። እኔም ከወደራ ወርጄ የመጀመሪያ ደሞዜን ያገኘሁት እንዲህ ካለ ቤት ነው። ጠዋት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ፣ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት የሙት ዓመት መጥሪያ በአማርኛ፤ ከፊልቱ የመጣ ነጋዴ ደግሞ በሶማሊኛ ያስጽፈኛል። ኋላ አዲስ አበባ መጥቼ ማተሚያ ቤት ገባሁና የገጽ ቅንብር ሠራሁ። ዛሬ የምተዳደረው ድረ ገጽ በመሥራት ነው።

ወደራ በሄድኩ ቁጥር ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኮምፒውተር ሳይንስ ሳይማሩ ይቻላል ወይ?» ይቻላል። እንዲያውም ኮፒ ቤት ተቀምጦ የሚውል ልጅ ግማሹን መንገድ ሳያውቀው ተጉዟል ብዬ አምናለሁ።

የሕትመትና የድረ ገጽ ሥራ ዝምድና ከሥሩ ነው። ድሮ አርታኢው በረቂቁ ጠርዝ ላይ «ይህ ርእስ ነው፣ ይህ ይድመቅ፣ እዚህ ላይ አዲስ አንቀጽ» እያለ ለፊደል ለቃሚው ምልክት ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የአይቢኤም ባለሙያዎች ይህንኑ ምልክት ኮምፒውተር እንዲረዳው አድርገው ጂኤምኤል የተባለውን ቋንቋ ሠሩ። ከእሱ የመጣው ኤስጂኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በተባለው የምርምር ማእከል ሆኖ የድር መረብን ሲፈጥር የድረ ገጽን መዋቅር የሚያመለክተውን ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤልን፣ የቀዳው ከዚሁ ነው። ርእስን ከንዑስ ርእስ፣ ሠንጠረዥን ከዝርዝር መለየት ለለመደ ሰው ኤችቲኤምኤል እንግዳ አይሆንበትም። የገጹን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስም ቢሆን ኅዳግ፣ ዓምድና የመስመር ርቀት ነው። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት ግን ሌላ ዓለም ነው፤ እሱን ከሀ ብዬ ነው የተማርኩት።

ከሕትመት ያገኘሁት ትልቁ ሀብት ግን ፊደልን ማየት ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ አንድ አዛውንት አራሚ ነበሩ። የሙከራውን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጉና «ልጄ፣ ይቺን ቤ እያት፤ ቀለበቷ ተደፍኖ ቢ ሆናለች» ይሉኛል። አጎንብሼ ሳይ እውነታቸውን ነው። ርካሽ ወረቀት ቀለሙን ይመጠውና ዙሪያውን ያሰፋዋል፤ ያን ጊዜ የኃምሱ ቀለበት ይሞላል፣ ሴ ሲ ይመስላል፣ ኔ ኒ ይመስላል። «እሺ ጋሼ» ብዬ መጠኑን ከፍ አደርጋለሁ ወይም ሌላ የፊደል ቅርጽ እመርጣለሁ። ይኸው ችግር ዛሬ በስልክ ላይ አለ። ለላቲን ፊደል በተለካ መጠን አማርኛው ሲጻፍ፣ በዚያ ላይ ሲደምቅ፣ የቤ ቀለበት በርካሽ ስልክ ስክሪን ላይ ይጠፋል። ግእዝ ከፍ ያለ መጠንና ሰፋ ያለ የመስመር ርቀት ይፈልጋል። ከቁቤ ጋር በአንድ ገጽ ሲገባ ደግሞ ለየብቻ መለካት አለበት።

ሌላው ጣጣ የቆዩት ሶፍትዌሮች ናቸው። ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግዕዝ የአገራችንን ጽሕፈት ለብዙ ዘመን የተሸከሙ ባለውለታዎች ናቸው። በዚያ ዘመን ግን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ስለነበር ከ300 የሚበልጠውን የግእዝ ቅርጽ መከፋፈልና በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ግድ ነበር። ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ሆነ። እንደ ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች ደክመውበት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም የግእዝ ፊደል ቦታውን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ወደራ ያለ ልጅ ስልኩ ላይ በአማርኛ የሚጻጻፈው በዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሁሉ ተደክሞበት ሳለ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሁንም ማስታወቂያቸውን ማኅተም አርፎበት ፎቶ አንሥተው መለጠፋቸው ያንገበግበኛል። በኤ4 ወረቀት ልክ፣ በሕትመት ጥራት የተነሣ ገጽ 2480 በ3508 ነጥብ አለው፤ ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል፤ ቢጨመቅ እንኳ ከመቶዎች ኪሎባይት እስከ ሜጋባይቶች ይደርሳል። ያው ማስታወቂያ በፊደል ቢጻፍስ? አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ የሚወስደው 3 ባይት ነው፤ 5000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 15 ኪሎባይት ብቻ ይሆናል። ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ልዩነት የሥራ ማስታወቂያው ቀኑ ሳያልፍ መድረሱና አለመድረሱ ነው። ፎቶው ቃል ተፈልጎ አይገኝበትም፤ ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነብለት ፕሮግራምም ምስሉን አልፎት ይሄዳል። ሕዝብ እንዲያነበው የተጻፈ ነገር መነበብ አለበት።

ከሕትመት ወደ ድረ ገጽ ለሚሻገር ሰው ቀለሙን መልመድ ጊዜ አይወስድም፤ በሕትመት ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር፣ በስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ነው። የሚከብደው ሥራው አለማለቁ ነው። ማተሚያ ቤት የታተመው ተጠርዞ፣ ተቆርጦ ይወጣል፤ ባለቤቱ ይረከባል። ድረ ገጽ ግን ከርክክብ በኋላም ይታደሳል፣ ይጠበቃል፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝለታል። ከደንበኛ ጋር ስዋዋል የዓመቱን ጥበቃ ዋጋ ለብቻ የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

ለመጀመር የሚፈልግ ልጅ መማሪያ አያጣም። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ትምህርቱን በነፃ፣ በኢንተርኔት ይሰጣል። ጎን ለጎን ግን ለሚያውቀው ሰው አንድ እውነተኛ ገጽ ይሥራ እላለሁ። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊሆን ይችላል፣ የአክስቱ ምግብ ቤትም ቢሆን። ዋጋው፣ አድራሻውና ስልኩ በፊደል ይጻፉበት፤ አማርኛውና አፋን ኦሮሞው እኩል ይነበቡ። ከማስረከቡ በፊት ሰፈር ውስጥ ባገኘው ርካሽ ስልክ ከፍቶ የቤን ቀለበት ይመልከት፤ ከተደፈነ መጠኑን ከፍ አድርጎ እንደገና ይሞክር።