ወባን በዓሣ ስለ መከላከል

ወባ የቆላ ሰው የቆየ ጠላት ነው። በጋምቤላ ባሮ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ካለበሰው በኋላ ውኃው ሲሸሽ በየስፍራው የሚቀረው ኩሬ ለትንኝ መራቢያ ይሆናል። ይህ በሽታ ገበሬውን በእርሻው ወራት፥ ሕፃኑንም በእናቱ ጀርባ ሳለ የሚጥል ስለ ሆነ፥ ለመከላከያው የሚታሰበው ዘዴ ሁሉ ሊመረመር ይገባል።

ከዘዴዎቹም አንዱ የትንኝን እጭ የሚበላ ዓሣ በውኃ ውስጥ ማኖር ነው። እጩ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ ከውኃ አይወጣምና፥ ዓሣው በዚያው ያገኘዋል። ዛሬ የኤርትራ ወደብ በሆነችው በአሰብ ከተማ በአገሩ ትንሽ ዓሣ ተሞክሮ፥ በውኃ ጉድጓዶችና በማጠራቀሚያዎች የነበረው እጭ እንደ ቀነሰ በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ገልጧል። ነገር ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ፥ ዓሣ የወባን በሽታ ራሱን እንደሚቀንስ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም።

ምክንያቱም አይሰወርም። የወባ ትንኝ በከብት ኮቴ በተቋጠረ ውኃ እንኳ ትራባለች፤ ዓሣ ግን በዚያ አይኖርም።

ከዚህም በላይ የሚያሠጋ ነገር አለ። ከአሜሪካ የመጣው ጋምቡዝያ የተባለው ትንሽ ዓሣ ትንኝ ያጠፋል ተብሎ በብዙ አገር ውኃ ተለቀቀ፤ እርሱ ግን የሌሎቹን ዓሦች እንቁላልና ግልገል፥ የእንቁራሪትንም ልጆች የሚበላ ሆኖ ተገኘ። ለጋምቤላ ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። በባሮ ውስጥ በተፈጥሮው የሚኖረውና ለሰው ሲሳይ የሆነው ናይል ፐርች፥ ለዓሣ ሀብት ሲባል ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ። ለነጋዴ ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ ነገር ግን ከሌሎች ምክንያቶች ጋራ ተደርቦ ወደ 200 የሚገመቱ የዓሣ ዓይነቶችን እንዳጠፋ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ አንዱ ዓሣ በአገሩ በረከት፥ በሰው አገር ጥፋት ሊሆን ይችላል። በእኛም አገር ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው።

ባሮ ወደ ሶባት፥ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳል። በጋምቤላ የተለቀቀ እንግዳ ዓሣ ወሰን አይከለክለውም፤ የፈሰሰ ውኃም አይታፈስም። ስለዚህ በዓሣ መጠቀም የሚወድ ቢኖር፥ ባለሙያ ሳይጠይቅ አይጀምር፤ ዓሣውም ከዚያው ውኃ የተወለደ፥ ስፍራውም ከወንዙ የማይገናኝ ጉድጓድ ወይም ማጠራቀሚያ ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን አጎበርን መዘርጋት፥ ቤትን ማስረጨት፥ የቆመውን ውኃ ማፋሰስ፥ ንዳድ የያዘውንም ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ዓሣ ለእነዚህ ረዳት ቢሆን እንጂ ምትክ አይሆንም።