የአውሮፕላኑ ስጋት ከስልክ ወደ ባትሪ ዞሯል

የእህል ንግድ ያለ ስልክ አይሆንም። በምሥራቅ ጎጃም፣ ባሶ ሊበን ወረዳ፣ የጁቤ ላይ ጤፍ የሚሰበስብ ነጋዴ የአዲስ አበባውን የእህል በረንዳ ዋጋ ሳያጣራ ገንዘቡን አያወጣም። ይኸው ነጋዴ ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ሲሳፈር ግን ስልኩን እንዲያጠፋ ወይም ከኔትወርክ እንዲያወጣ ይነገረዋል። እስኪያርፍ ድረስ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም አይሰማም። ክልከላውን እንደ ማስቸገሪያ የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው።

ምክንያቱ ግን የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተሳፋሪዎች ይዘዋቸው የሚገቡ የኤፍ ኤም ራዲዮኖች አብራሪውን አቅጣጫ የሚመራውን መሣሪያ ሊያውኩ እንደሚችሉ ታወቀ። ኤፍ ኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የአቅጣጫ መሪው ከ108 እስከ 118 ነው። ራዲዮኑ ጣቢያ ሲቀበል እርሱም ደካማ ሞገድ ይረጫልና ሁለቱ ይጋጫሉ። ሞባይል ስልክም ሰማይ ላይ ኔትወርክ ሲያጣ በሙሉ ኃይሉ ይፈልጋል፤ በአብራሪው ማዳመጫ ላይም የሚረብሽ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል።

አውሮፕላኖች ከሞገድ የሚጠበቁበት መንገድ እየተሻሻለ በመምጣቱ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ከኔትወርክ የወጡ መሣሪያዎች ከመነሻ እስከ ማረፊያ እንዲሠሩ ፈቀደ። የሞገዱ ጉዳይ ሲላላ የጠበቀው የባትሪው ነው።

ለዚህ ማስረጃው ከቤታችን አይርቅም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮ ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በእሳት ተያያዘ። ውስጡ ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ መርማሪዎች እሳቱ የተነሳው አውሮፕላን ሲጠፋ ያለበትን ቦታ ከሚጠቁም አነስተኛ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን፣ የባትሪው ሽቦዎችም በክዳኑ ተጨፍልቀው እንደነበር አረጋገጡ። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ለመነሳት የተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ነደደ፤ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በሕይወት ወጡ። የተጠረጠረው የተሳፋሪ ፓወር ባንክ ነው።

ለነጋዴው ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከውስጡ ሲነካ ራሱን በራሱ እያጋለ ይሄዳል፤ ጓዳ ውስጥ ከሆነ አስተናጋጆች አይተው ይረባረቡበታል፤ በዕቃ ክፍል ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ግን የሚያየው የለም። ስለዚህ ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት አወር ያለ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ይያዛል፤ ከ160 በላይ ክልክል ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ የሚሊ አምፒሩን ቁጥር በ3.7 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል። 20,000 የሚለው 74 ዋት አወር፣ 30,000 የሚለው 111፣ 50,000 የሚለው 185 ይሆናል።

ፈቃዱ ለግል መጠቀሚያ ነው። ከዱባይ ለሽያጭ የተገዛ ካርቶን ሙሉ ፓወር ባንክ እንደ ሻንጣ ሲቀርብ ፍተሻ ላይ ይቀራል፤ ካፒታሉም አብሮ ይቀራል። በካርጎም ቢሆን ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ ከመጋቢት 2008 ዓ.ም. ወዲህ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፤ የሚሄደው በጭነት አውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው። ኤምሬትስም ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ የፈቀደው አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ሲሆን በበረራ ላይ እንዳይጠቀምበትም ከልክሏል።

እንግዲህ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የማጓጓዣውን ወጪና መንገድ፣ የአየር መንገዱንም ደንብ ቢጠይቅ ይጠቀማል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለገንዘብም ለነፍስም ይሠራል።