ከፋሽጋ ግንባር መልስ፦ የወታደር አእምሮ የሚያርፈው የት ነው?

ሰኔ ገብቶ ዝናብ ሲጥል የፋሽጋ ጥቁር አፈር መኪና የማያሳልፍ ጭቃ ይሆናል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የሰሊጥና የማሽላ ማሳ እስከ አድማስ ይዘረጋል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሰፊ፣ ጸጥ ያለና ዓይን የሚያሳርፍ ምድር ነው።

መሣሪያ ይዘው ለቆሙበት ሰዎች ግን ሜዳው ሌላ ትርጉም አለው። የማሽላ አገዳ ሰው ይደብቃል። የወንዝ መሻገሪያ የደፈጣ ቦታ ነው። ጸጥታውም ቢሆን ከተኩስ በፊት ያለውን ጸጥታ ያስታውሳል።

በሌሎች አገራት ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችን ወደ ጫካ፣ ወደ ወንዝና ወደ ተራራ ወስዶ ለጥቂት ቀናት ማሳረፍ እየተለመደ መጥቷል። ዓላማው ከውጊያ መንፈስ ቀስ በቀስ እንዲላቀቁ፣ ከራሳቸውና ከቤተሰባቸው ጋር መልሰው እንዲገናኙ ማገዝ ነው። ለመሆኑ ይህ ዘዴ ይሠራል? በኢትዮጵያና ሱዳን ድንበር ላይ ለተዋጉትስ ምን ትምህርት አለው?

የድንበሩ ምድርና ተዋጊዎቹ

ፋሽጋ በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ በአትባራና በሰቲት ወንዞች አካባቢ የሚገኝ ለም መሬት ነው። ሰቲት ኢትዮጵያውያን ተከዜ የሚሉት ወንዝ ሲሆን፣ የአትባራ የላይኛው ክፍል ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል ጓንግ ይባላል።

የድንበሩ ጉዳይ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከብሪታኒያ ጋር በ1894 ዓ.ም. ወደተፈራረሙት ውል ይመልሳል። በቀጣዩ ዓመት ብሪታኒያዊው መኮንን ቻርልስ ግዊን ድንበሩን ምልክት ቢያደርግም፣ ምልክቱ የተተከለው ኢትዮጵያ ሳትወከል በመሆኑ ለረዥም ዘመን ሲያከራክር ቆይቷል። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ተለዋወጡ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ማረሳቸውን የሚቀጥሉበት መግባባት ላይ ተደረሰ።

መግባባቱ የፈረሰው በትግራይ ጦርነት ማግሥት ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲቀሰቀስ የሱዳን ጦር ወደ አካባቢው ገባ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎችም ማሳቸውን ለቀው ወጡ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን ሰባት ወታደሮቿና አንድ ሲቪል ተማርከው ተገድለዋል ስትል ኢትዮጵያን ከሰሰች፤ ኢትዮጵያ ክሱን አልተቀበለችም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራሷ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባች።

በእነዚህ ዓመታት በድንበሩ ግራና ቀኝ የተሰለፉት መደበኛ ወታደሮች ብቻ አይደሉም። በኢትዮጵያ በኩል ሚሊሻዎችና በ2015 ዓ.ም. እንዲፈርስ የተወሰነው የክልል ልዩ ኃይል አባላት ነበሩበት። ብዙዎቹ ሚሊሻዎች ራሳቸው ገበሬዎች ናቸው። ጠዋት የሚያርሱት መሬት ማታ የሚጠብቁት ግንባር ነው። ለእነዚህ ሰዎች "ከጦር ሜዳ ወደ ቤት መመለስ" የሚባለው ነገር ግልጽ ድንበር የለውም።

እንደ ጠላቂ ዋናተኛ

ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት የወጣ ጠላቂ ዋናተኛ በሰውነቱ ውስጥ የሚፈጠረው የአየር አረፋ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ፣ እያረፈ ይወጣል። የውትድርና ሐኪሞች ይህን አብነት ወስደው ከግንባር የሚመለስ ወታደርም በአንድ ጀምበር ከምሽግ ወደ መኝታ ቤት መግባት የለበትም ይላሉ።

ካናዳ እአአ በ2002 ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ወታደሮቿን ወደ ቤት ከመላኳ በፊት በጉዋም ደሴት ለጥቂት ቀናት አሳርፋለች። ብሪታኒያም በቆጵሮስ ተመሳሳይ ማረፊያ አዘጋጅታ ከአፍጋኒስታን የሚመለሱ ወታደሮቿ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያህል እንዲቆዩ ስታደርግ ነበር። በቆይታቸው ይዋኛሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ከቤተሰብ ጋር ሲገናኙ ምን ሊያጋጥማቸው እንደሚችልም ገለጻ ይሰጣቸዋል።

የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እአአ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ማረፊያ ያለፉት ወታደሮች ካላለፉት ይልቅ የአእምሮ ጭንቀት ምልክታቸውና ጎጂ የመጠጥ ልማዳቸው አነስተኛ ሆኖ አግኝተውታል። ነገር ግን ጥቅሙ የታየው መጠነኛ ውጊያ ባዩት ላይ ነበር። ከባድ ውጊያ ውስጥ በቆዩት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ይህ ግኝት ለድንበሩ አካባቢም ዋና ነጥብ ነው፤ እረፍት ለብዙዎች ይጠቅማል፤ ክፉኛ ለተጎዱት ግን ሕክምናን አይተካም።

ጦርነቱን በእግር ማራገፍ

ተፈጥሮን እንደ መድኃኒት የመጠቀም ሐሳብ ከእነዚህ ማረፊያዎች ይቀድማል። አሜሪካዊው ኧርል ሻፈር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ የልጅነት ጓደኛውን በጦርነቱ አጥቶ ነበር። እአአ በ1948 ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የተራራ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ተጓዘ። ጉዞውን የጀመረው ጦርነቱን ከውስጡ ለማራገፍ እንደነበር ተናግሯል። ዛሬ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን በዚሁ መንገድ የሚያስጉዙ ድርጅቶች አሉ።

በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እአአ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ የቀድሞ ወታደሮችና ወጣቶች በጀልባ በኃይለኛ ወንዝ ላይ ከተጓዙ በኋላ ያለውን ለውጥ ለክተዋል። ከጉዞው ከአንድ ሳምንት በኋላ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት (ፒቲኤስዲ) ምልክት በ29 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ለለውጡ ትልቁን ድርሻ የሰጡት በታላቅ ነገር ፊት ለሚሰማ የመደነቅ ስሜት ነው። ሆኖም ልኬቱ የተወሰደው ከአንድ ሳምንት በኋላ በመሆኑ፣ ለውጡ ለወራትና ለዓመታት መዝለቁን አያሳይም።

ለምን ይጠቅማል ለሚለው ባለሙያዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው። ውጊያ የለመደ ሰውነት ሁልጊዜ ንቁ ነው፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ እንቅልፍ ይሸሸዋል። እግር የሚያደክም ጉዞ እንቅልፍን ይመልሳል። ጎን ለጎን እየተራመዱ ማውራት ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጠየቅ ይቀላል። ከሁሉም በላይ ወታደሩ አብሮት ያለው ሰው ምን እንዳየ ሳይነገረው ያውቃል።

በግራር ሥር ማደር

ይህ ሁሉ ግን ቦታው ሰላም መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል። በፋሽጋ ይህ ታሳቢ አይሠራም።

ከሁመራ እስከ መተማና ገዳሪፍ የተዘረጋው ቆላ በካላዛር በሽታ የታወቀ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቆችና በግራር ዛፎች አካባቢ ትራባለች። በሁመራ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ሌሊት በግራር ሥር ማደር ለበሽታው የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምር አሳይተዋል። ካልታከመ የሚገድለው ይህ በሽታ የቀን ሠራተኞችንም ወታደሮችንም ያጠቃል። ወባም አለ። ሌላው ዓለም እንደ ፈውስ የሚያየው ከዛፍ ሥር ማደር እዚህ የተልዕኮው አንዱ አደጋ ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ማረፊያ ይመቹ የነበሩ ቦታዎችም ከግጭት አላመለጡም። በሱዳን በኩል የዲንደር፣ በኢትዮጵያ በኩል የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርኮች ድንበር ተጋርተው ይገኛሉ። የዲንደር ከተማ እአአ በ2024 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል እጅ ተቀያይራለች። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ አለ።

አንዳንዶች ደግሞ የሚመለሱበት ቤት እንኳ አላገኙም። በዳርፉር የነበረው የሰላም አስከባሪ ተልዕኮ ሲያበቃ ወደ አገራቸው ለመመለስ የፈሩ ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች በ2013 ዓ.ም. ጥገኝነት ጠይቀው በገዳሪፍ ወደሚገኘው ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ተወስደዋል።

ኢትዮጵያ ወታደሮቿን ስታሰናብት

በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ 455 ሺህ ያህል የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተበተኑ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ሱዳን ሸሽተው በኋላ ተመልሰዋል። ለዚሁ የተቋቋመው ኮሚሽን ከገጠር ለመጡት መሬት፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ እንዲያገኙ ረድቷል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም በዓለም ባንክ ድጋፍ 150 ሺህ ገደማ ወታደሮች ተሰናብተዋል።

ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ በተለያዩ ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ አቅዷል። በትግራይ ሥራው በኅዳር 2017 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ከማዕከላቱ መካከል በመቀለ፣ በዕዳጋ ሐሙስና በዓድዋ ያሉት ይገኙበታል። ተዋጊዎቹ በማዕከል ለጥቂት ቀናት ቆይተው፣ ሥልጠናና የገንዘብ ድጋፍ አግኝተው ይሰናበታሉ።

እነዚህ ዕቅዶች በዋናነት የሚለኩት በቁጥር ነው፤ ስንት መሣሪያ ተረከበ፣ ስንት ሰው ተሰናበተ፣ ስንት ብር ተከፈለ። ተሰናባቹ ሌሊት ይተኛል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ መዝገብ በቀላሉ አይሰፍርም።

ከራስ ጓዳ

ይህ ማለት ግን ኅብረተሰቡ ባዶ እጁን ነው ማለት አይደለም። ጠበል ቦታ ሄዶ ለሳምንታት መሰንበት፣ ከነፍስ አባት ጋር መመካከርና ንስሐ መግባት፣ በማኅበርና በጽዋ መገናኘት በደጋውም በቆላውም የታወቁ ልማዶች ናቸው። ሙስሊም ተዋጊዎችም በዱዓና በሽማግሌ ምክር የሚጽናኑበት ወግ አላቸው። ሌላው ዓለም የሚከተላቸው ሦስት መርሆች፣ ማለትም ከግንባር መራቅ፣ ከብጤ ጋር መሆንና ጊዜ መውሰድ፣ በጠበል ቦታም አሉ።

የጎደለው ሌላ ነው። ባህሉ ወደ ጦርነት ለመውጣት ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ አለው። ከጦርነት ተመልሶ "ፈርቼ ነበር" ለማለት የሚያስችል መድረክ ግን ጠባብ ነው። ጀግና የተባለ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ማለት ይከብደዋል፤ ዝም ይላል፣ አለያም መጠጥ ይይዛል።

ቤተሰብ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ፦ ለሳምንታት የዘለቀ ቅዠትና እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ ያለ ምክንያት ቁጣ፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ሞትን ማውራት። እነዚህ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ ጉዳዩ የጤና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ስለ ሞት ማውራት ከተጀመረ ግን ቀን ሳይቆጠር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጠበልና ሕክምና አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለፋሽጋ ተመላሽ የሚያስፈልገው እንግዲህ ውድ የመዝናኛ ጉዞ አይደለም። ከግንባሩ በርቀት፣ ከወባና ከካላዛር ውጭ የሆነ ደጋማ ሥፍራ፣ አብረውት ያገለገሉ ጓዶቹ፣ የሚለየውና ወደ ሕክምና የሚልከው ባለሙያ፣ በመጨረሻም የሚጠብቀው ቤተሰብ ይበቃዋል።

ለገበሬው ሚሊሻ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም የድንበሩ መፍትሔ ነው። ሰሊጡን ለማጨድ በየዓመቱ ጠመንጃውን አንግቶ ወደዚያው ማሳ የሚመለስ ሰው ጦርነቱን ከትከሻው ሊያወርድ አይችልም። ለእርሱ እረፍት የሚጀምረው ማጭዱን ብቻ ይዞ ወደ ማሳው የወጣ ዕለት ነው።