በጃፓን በረዶ መካከል ያሳለፍነው የቤተ ሰብ ዕረፍት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ከጻፉ ወዲህ የዚያች አገር ስም ለኢትዮጵያ አንባብያን እንግዳ አይደለም። ስለ ፋብሪካዋና ስለ ባቡሯ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ቤተ ሰብ ኑሮዋ ግን አዘውትረን አንሰማም። ስለዚህ ባለቤቴ ለሥራ ወደ ቶኪዮ ተልኮ በነበረበት ጊዜ ከልጆቻችን ጋራ በበረዶ አገር ያሳለፍነውን የስድስት ቀን ዕረፍት፥ ከእርሱም ያገኘሁትን ትምህርት፥ ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ላቀርብ አሰብሁ።

ተጓዦቹ አምስት ነበርን፤ እኔና ባለቤቴ፥ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችን፥ የአምስት ዓመት ሴት ልጃችን፥ እንዲሁም ዐሥራ አራት ዓመት የሆናት የወንድሜ ልጅ። ይህች ልጅ አባቷ ካረፈ በኋላ በእኛ ቤት የምታድግ ናት። ልጆቼ እኔን «እማዬ» ሲሉኝ እርሷ «እትዬ» ትለኛለች። ከትምህርቷ ስትመለስ ታናሺቱን ታጥባለች፥ ታለብሳለች፥ ታስተኛለች። እኔም «ከልጆቼ ለይቼ አላያትም» እያልሁ ለሰው እናገር ነበር።

የጃፓን ክረምት የሚውለው በእኛ በጋ ነው። ትምህርት ቤቶች በታኅሣሥ አጋማሽ ተዘግተው አዲሱ ዓመት ካለፈ በኋላ ይከፈታሉ። በዚያ ወራት ከሳይቤሪያ የሚነሣው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይጠጣል፤ ከተራሮቹም ጋራ በተጋጠመ ጊዜ የተሸከመውን በረዶ አድርጎ ይጥለዋል። ስለዚህ ከተራሮቹ በስተ ምሥራቅ ያለችው ቶኪዮ ሰማይዋ ጠርቶ ፀሓይ ስትሞቅ፥ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚርቀው የናጋኖ አገር ነጭ ለብሶ ይታያል። ናጋኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የክረምት ኦሎምፒክ የተደረገባት ከተማ ናት። በረዶውም በአገራችን በሐምሌ እንደሚወርደው ጠጠር አይደለም፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ ያለ ድምፅ ይወርዳል።

ከናጋኖ በትንሽ ባቡር ዩዳናካ ወደሚባል የተራራ ቀበሌ ሄድን። ስፍራው ፍል ውሃ የሚፈልቅበት ስለ ሆነ፥ በፍል ውሃ አጠገብ ለተቆረቆረችው ለአዲስ አበባ ልጆች አገራችንን አሳሰበን። ያረፍንበት ቤት በጃፓን ወግ የተሠራ ነው፤ ጫማ በደጃፍ ይወልቃል፥ ወለሉ ታታሚ በሚባል የሣር ምንጣፍ ተሸፍኗል፥ መኝታው ማታ ተነጥፎ ጧት ይታጠፋል። በክፍሉም መካከል ኮታትሱ የሚሉት አጭር ገበታ አለ። ከበታቹ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተገጥሞለት ዙሪያው በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ ቤተ ሰቡም እግሩን ወደ ውስጥ አግብቶ መንደሪን እየላጠ ይጫወታል። ገበታው አራት ወገን ስላለው እኛ አራታችን ተቀመጥንበት፤ የወንድሜ ልጅ ግን ሻይ ለመቅዳት እንዲመቻት ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ይህን ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

በማግሥቱ ዝንጀሮዎች በፍል ውሃ የሚታጠቡበትን ጂጎኩዳኒ የተባለውን ስፍራ ለማየት ወጣን፤ ትርጓሜውም «የሲኦል ሸለቆ» ማለት ነው። ይህን ስም ያሰጠው ከዐለቱ መካከል የሚወጣው እንፋሎት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 850 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ለጎብኝዎች ተከፈተ። የጃፓን ዝንጀሮ ከሰው በቀር ከወገኖቹ ሁሉ ወደ ሰሜን ርቆ የሚኖር ነው። የእኛ የሰሜን ተራራ ጭላዳ ብርዱን በጠጕሩ ብቻ ሲከላከል፥ ይህኛው ፊቱን አቅልቶ፥ ዐይኑን ጨፍኖ፥ እንደ ሽማግሌ በሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሲታይ ልጆቹ በሣቅ ፈነዱ።

ወደዚያ ለመድረስ በጫካ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በእግር ይኬዳል፤ መንገዱም በበረዶ የሚያዳልጥ ነው። ለሁለቱ ልጆቼ ከቶኪዮ ውስጡ ፀጕር የለበሰ ቦት ጫማ ገዝቼላቸው ነበር። ለወንድሜ ልጅ ግን «እርሷ ትልቅ ናት» ብዬ የእኔን አሮጌ ጫማ ሰጥቻት ነበር። ታናሺቱ በደከመች ጊዜ እርሷ አዘለቻት፤ እስክንመለስም ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ማታ የቤቱ እመቤት፥ በዕድሜ የገፉ ሴት፥ በደጃፍ የተደረደረውን ጫማ ሊያደርቁ አንድ በአንድ አነሡ። አራቱ ደኅና ነበር፤ አምስተኛው ሶሉ ተከፍቶ ውሃ አቁሯል። ጋዜጣ ጨምድደው ወሸቁበት፤ ቀጥሎም ወደ ክፍላችን መጥተው የልጆቹን እግር ተራ በተራ ተመለከቱ። የወንድሜ ልጅ ጣቶች ቀልተው አብጠው ነበር። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ለብ ያለ ውሃና የሱፍ ካልሲ አመጡላት። እኔም ከብርዱ ይልቅ ኀፍረቱ ተሰማኝ።

ጃፓን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱን ዓመት የምታከብረው በእኛ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ቀን ነው። በዋዜማው ሶባ የሚባል ረጅም ፓስታ መሰል ምግብ ይበላል፤ ርዝመቱም የረጅም ዕድሜ ምሳሌ ነው። በመንፈቀ ሌሊት በቤተ መቅደሳቸው ደወል 108 ጊዜ ይመታል፤ ይህም የሰውን ልብ ከሚያስጨንቁ 108 ምኞቶች ለመንጻት ነው ይላሉ። ጧት ደግሞ ሞቺ የተባለ ከሩዝ ተወቅጦ የሚሠራ ምግብ በሾርባ ይቀርባል። ሞቺ የሚያጣብቅ ስለ ሆነ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ያንቃል፤ ለልጅ የሚሰጥ ሰው በጣም አድቅቆ ቆርጦ አጠገቡ ይቀመጥ።

በዚያ ጧት ለልጆች በትንሽ ፖስታ ገንዘብ መስጠት የአገሩ ልማድ ነው። የቤቱ እመቤትም ተንበርክከው ሦስት እኩል ፖስታዎች በገበታው ላይ አኖሩ። የወንድሜ ልጅ ሦስተኛውን በሁለት እጇ አንሥታ ለታናሺቱ ሰጠቻት፤ «ይህ ለልጆቹ ነው» አለች። ባለቤቴ ቃሏን ሲተረጕምላቸው ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ፖስታውን መልሰው በእጇ አኖሩና «አንቺም ልጅ ነሽ» አሏት። ልጅቱም አቀርቅራ አለቀሰች። በቤታችን በኖረችበት ሦስት ዓመት ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወደ ከተማ ወርደን በእግሯ ልክ ቦት ጫማ ገዛንላት። ሻንጣውን ወንድ ልጄ ተሸከመ፤ ታናሺቱን እኔ አዘልሁ። እርሷም ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ባዶ አድርጋ ከኮረብታው በበረዶ መንሸራተቻ ስትወርድ እንደ ሕፃን ጮኸች። ማታም በኮታትሱ ዙሪያ ጠጋ ጠጋ ብለን አምስታችን ተቀመጥን፤ ስፍራውም በቃን።

እንዲህ ያለ ጕዞ ለሚያስቡ ወላጆች የምመክረው ይህ ነው። አንደኛ፥ ለልጅ አንድ ወፍራም ልብስ ከማልበስ ስስ ስስ የሆኑትን ደራርቦ ማልበስ፥ ትርፍ የሱፍ ካልሲም መያዝ ይሻላል። ሁለተኛ፥ በፍል ውሃ ቤት ከመግባት አስቀድሞ ገላን በሳሙና አጥቦ መለቃለቅ ግዴታ መሆኑን ልጆች ይማሩ፤ በሙቁም ውሃ ሕፃናት ብዙ አይቆዩ። ሦስተኛ፥ ከመነሣት በፊት የሁሉንም ጫማ በአንድ ረድፍ አሰልፋችሁ ተመልከቱ። ከዘመድ የመጣ ልጅ እግሩ ቢበርደው የማይናገር ነውና፥ ስለ እርሱ ጫማው ይናገራል።