መሬት የማይነካው መሰላል ስንት ቱቦ ይበላል?

መንዝ፣ ሞላሌ ላይ መሰላል ማለት ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና በመካከላቸው በምስማር የተመቱ መርገጫዎች ማለት ነው። እግሩ መሬት ይረግጣል፤ ራሱ ግድግዳ ይደገፋል። 3 ሺ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኝ የደጋ ከተማ ይህ ይበቃል። ነገር ግን ከመንዝ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በጀማ በኩል ዓባይ ገብቶ ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጀርባ ይጠራቀማል። እዚያ ሌላ ዓይነት መሰላል ይፈለጋል፤ መሬት የማይነካ፣ ጠላቂ ዋናተኛን ከውሃ ወደ ጀልባ የሚያወጣ።

ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ንጋት የተባለው ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህም የጣናን ስፋት ግማሽ ያልፋል። ሐይቅ ባለበት ጀልባ አለ። ጀልባ ባለበትም የተጠላለፈ መረብ፣ የሰጠመ ሞተር፣ ክፉ ቀን ሲመጣም የሰጠመ ሰው አለ። ይህን የሚያወጣው ጠላቂ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች ከወንዝና ከጉድጓድ አስከሬን አወጡ ሲባል መስማት የተለመደ ነው።

ጭንቁ ያለው ጠላቂው ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ነው። ውሃ ውስጥ ሳለ ትጥቁ አይከብደውም። ብቅ ሲል ግን ክብደቱ ሁሉ በአንዴ ይመለስበታል። ባዶ የአየር ሲሊንደር ብቻውን 14 ኪሎ ገደማ ነው፤ የእርሳስ ቀበቶውና ውሃ የጠጣው ልብስ ሲታከሉበት 30 ኪሎ ቢደርስ አይደንቅም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 110 ኪሎ ሆኖ መሰላሉን ይይዛል ማለት ነው። ማዕበል ጀልባዋን ባነሳች ቁጥር ደግሞ መሰላሉ ይነጠቃል፤ ጫናውም ይበረታል። ስለዚህ 300 ኪሎ የማይችል መሰላል ባይሠራ ይሻላል። መፈተኑ ቀላል ነው፤ ጀልባዋ ከውሃ ውጪ ሳለች ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ማንጠልጠል ነው። ከጥልቀት የወጣ ሰው ወዲያው ከባድ ጉልበት ማውጣቱ በደሙ ውስጥ የጋዝ አረፋ የመፈጠሩን አደጋ ስለሚያባብስ፣ መሰላሉ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሞላሌው ዓይነት ባለ ሁለት ቋሚ መሰላል ለዚህ ሥራ አይመችም። ጠላቂው እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ የጎማ ጫማ አጥልቋል፤ ጫማው በሁለት ቋሚ መካከል አይገባም። በየባሕሩ የጠላቂ ጀልባዎች የለመዱት መፍትሔ የዓሣ አጥንት የሚመስለው ነው፤ አንድ ወፍራም ቱቦ መሐል ላይ፣ መርገጫዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግተው ጫፋቸው ክፍት። ጠላቂው መሐሉን ቱቦ በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ከጎን እያስገባ ይወጣል። የመርገጫዎቹ ጫፍ እግር እንዳያንሸራትት ጥቂት ወደ ላይ ይታጠፋል። በመርገጫና በመርገጫ መካከል 30 ሣ.ሜ. ይበቃል። የታችኛው ቢያንስ 60 ሣ.ሜ. ውሃ ውስጥ ይግባ፤ አንድ ሜትር ከሆነ የተሻለ። ብዙ ሠሪ የሚዘነጋው የላይኛውን ነው፤ ከጀልባዋ ከንፈር በላይ የሚጨበጥ እጀታ ከሌለ ሰውየው መጨረሻው መርገጫ ላይ ደርሶ ወደ ኋላ ይወድቃል።

መሰላሉ የሚታሰረው በጀልባዋ ኋላ፣ ከሞተሩ ራቅ ብሎ ነው። ጠላቂ ሲቀርብ ሞተር ይጠፋል፤ ለዚህ ድርድር የለውም። ፋይበር ግላስ ላይ በብሎን ምስማር መምታት ብክነት ነው። ቡሎኑ ግድግዳውን በስቶ አልፎ፣ ከውስጥ ሰፊ ላሜራ ተደርጎበት፣ በሮንዴላና በዳዶ መጥበቅ አለበት። ከታችም መሰላሉ ከጀልባዋ አካል ጋር እንዳይጣበቅ የሚገፋው አጭር ክንድ ያስፈልጋል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የሚመረጠው ብረት ስቴንለስ ነው። ለቀይ ባሕር ጨው 316 የሚባለው ደረጃ ግድ ነበር፤ ለጣናና ለንጋት ጨው አልባ ውሃ ግን ርካሹ 304 ያገለግላል። ያም ቢሆን ቱቦውም ሆነ የሚጠቀለልበት ላሜራ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሜትር ይቆጠራል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ መሰላል ከነክንዱና ከነእጀታው 3 ሜትር ወፍራም ቱቦ፣ ለአምስት መርገጫ ደግሞ 2 ሜትር ቀጭን ቱቦ ይፈልጋል እንበል። ቱቦ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። አንድ ብቻ የሚያሠራ ባለጀልባ ሁለት ቱቦ ገዝቶ 7 ሜትር ቁራጭ ብየዳ ቤት ጥሎ ይሄዳል። ስድስት ባለጀልባዎች አብረው ቢያዙ ግን ሦስት ወፍራምና ሁለት ቀጭን፣ በድምሩ አምስት ቱቦ ይበቃቸዋል። በየፊናቸው ቢገዙ 12 ይሆን ነበር። ትርፉ ቁራጩን ለሚያስቀረው ብየዳ ቤት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ብየዳ ቤቶች ይህን የማይነግሩትም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ብየዳው አርጎን ይሁን። በተራ ኤሌክትሮድ የተበየደ ስቴንለስ መጀመሪያ የሚዝገው መገጣጠሚያው ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰበረውም እዚያው። ከመረከብ በፊት የመሐሉን ቱቦ ታችኛ ጫፍ መመልከት ይገባል፤ ውሃ የሚያፈስ ቀዳዳ ከሌለው ውስጡ የቀረው ውሃ ሥራውን ይጀምራል።