መስቀለኛ ጥያቄ ለካሜራ

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ መሰየሙ የታወቀ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በአንዲት ነጭ ሸራ ላይ፣ ሥጋና አጥንት የሌለው ሰው ሲራመድ፣ ሲስቅ፣ ፈረስ ሲጋልብ ቆይቶ መብራት ሲበራ ደብዛው ሲጠፋ የተመለከተ ሰው ይህን ስም ቢያወጣ የሚሳቅበት አይደለም፤ ያየውን በትክክል አይቷልና፣ የሳተው ከየት እንደ መጣ በመፍረዱ ብቻ ነው። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ግን ዛሬ በሌላው ጫፍ ቆሟል፤ አያቱ መሣሪያውን የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ እንደ ሸሸው፣ እርሱ ደግሞ በእጁ ባለው ስልክ ላይ አንድ ነጭ ጥላ በግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ባየ ጊዜ፣ ካሜራ አይዋሽምና ይህ በእውነት መንፈስ ነው ብሎ ለወዳጆቹ ያስተላልፋል።

እንዲህ ያለው ወሬ ድሬዳዋን ያህል የሚመቸው ከተማ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ተስኖት በሜዳው ላይ ሲዘረጋ፣ በ1895 ዓ.ም. ግድም የተቆረቆረችውና በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል የነበረችው ይህች ከተማ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ሁሉ የሚራገፍባት በር ሆና ኖራለች። በአንድ ወገን ቀጥ ባሉ መንገዶቹ ዳር ዛፎች የቆሙበት የከዚራ ሰፈር አለ፤ በዚያም የመንገድ መብራት በቅጠሉ መካከል እየሾለከ በነጭ ግንብ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ጥላ ሲያመላልስ ያድራል፤ በሌላው ወገን ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉት የመጋላ ሰፈር፤ በመካከላቸውም ደቻቱ የሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ። የጥንቱ የባቡር መስመር ከተዳከመ በኋላ፣ ይልቁንም በ2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪኩ ባቡር ተመርቆ መንገደኛው ከከተማ ውጭ ወዳለው ጣቢያ ከዞረ ወዲህ፣ አሮጌው ጣቢያና የጥገና ሥራ ቤቱ የቀድሞ ጩኸታቸውን አጥተዋል። ሙስሊሙ ጂን፣ ክርስቲያኑ ርኩስ መንፈስ፣ ሌላውም ዛር እያለ የሚጠራው ረቂቅ ፍጥረት መኖሩን በከተማይቱ የሚጠራጠር ጥቂት ነው፤ የጫቱ በርጫ አብቅቶ ምርቃናው ከፍ ባለ ሰዓት ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ምስል ደግሞ በቀን ከሚታየው ይልቅ የማሳመን ኃይል እንዳለው የድሬ ሰው ራሱ እየሳቀ ያወራዋል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ መናፍስት አሉ ወይስ የሉም በሚለው የሃይማኖት ጉባኤ ውስጥ አልገባም፤ ለዚያ ሊቃውንቱ አሉ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ ስለ ተቀረጸው ጥላ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ቀራጩ መሣሪያ መጠየቅ ይገባናል የሚል ነው። ካሜራ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ካልቀረበለት ቃሉ ማስረጃ አይሆንም። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል፤ አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣና በሰመመን እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት ሌባው ተገኘ ይባል ነበር። ያ ሥርዓት በዘመናዊው ፍርድ የተወገደው ብላቴናው ሆን ብሎ ስለ ዋሸ አልነበረም፤ በምን መንገድ እንዳወቀ ሊጠየቅ የማይችል ምስክር ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ በመጋላ የሚነግድ አንድ ሰው ሌሊት ከሱቁ በር በላይ የሰቀለው የጥበቃ ካሜራ ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት ያለ ድምፅ ስታልፍ፣ ሰውነቷም ብርጭቆ መስሎ ከበስተጀርባዋ ያለው የቆርቆሮ በር እያሳየ፣ ቀረጸ እንበል። ከዚህ የሚበልጥ ምትሐት ምን ሊኖር ይችላል? ነገር ግን ይህ ካሜራ ሲጨልም እኛ በምናይበት ብርሃን ብቻ ማየቱን ትቶ፣ በዙሪያው ከተተከሉት ትናንሽ አምፖሎች ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ለሰው ዓይን የማይታየውን ብርሃን እየረጨ ከዚያ የሚመለሰውን አብልጦ ይቀርጻል። በዚህ ብርሃን ደግሞ የልብስ ቀለም ለእኛ የሚታየውን መልክ አይጠብቅም፤ በፋብሪካ ክር የተሠራ ጥቁር ጨርቅ ብዙ ጊዜ ኢንፍራሬዱን አንጸባርቆ አመድማ ወይም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጥቁር አባያ ለብሳ ከጎረቤት ሰርግ ወይም ከለቅሶ የምትመለስ እናት በምስሉ ላይ ነጭ ለባሽ ሆና ብትታይ፣ በማግሥቱም ሰፈርተኛው «ትናንት ነጭ የለበሰ ሰው በዚህ አላለፈም» ብሎ ቢምል፣ ሁለቱም እውነት ነው።

የሰውነቷ ማሳለፍስ? ይህ ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስደነግጠው ነው፤ ምክንያቱ ግን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ነው። በጨለማ የሚቀረጽ ምስል በብዙ ነጠብጣብ ይታወካል፤ ርካሽ ካሜራ ይህን ለማጥራት ሲል ተከታታይ የሆኑትን ምስሎች አንዱን በሌላው ላይ እያደራረበ አማካያቸውን ያወጣል። ግድግዳው የማይንቀሳቀስ ስለ ሆነ በሁሉም ምስል ላይ በአንድ ቦታ ተገኝቶ ጎልቶ ይቀራል፤ የሚራመደው ሰው ግን በእያንዳንዱ ምስል ላይ ሌላ ስፍራ ይዞ ስለሚገኝ ከየስፍራው የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ እርሱ ይሳሳል፣ ግድግዳው በእርሱ ውስጥ ይታያል፣ ከኋላውም የጭስ ጭራ የመሰለ ነገር ይጎትታል። ከካሜራው ጋር የተያያዘው ቀራጭ ሣጥንም ቦታ ለመቆጠብ ሲል የተለወጠውን ብቻ እየመዘገበ ያልተለወጠውን ከቀደመው ምስል መልሶ ስለሚለጥፍ፣ እግሯ ሳይታይ ደረቷ ብቻ ሲንሳፈፍ ማየትም ይቻላል። የስልኩም የሌሊት ፎቶግራፍ እንዲሁ ነው፤ ቁልፉ አንድ ጊዜ ቢነካም ስልኩ ለጥቂት ሴኮንዶች ብዙ ምስል አንሥቶ ያዋህዳቸዋልና፣ ቆሞ የቀረው ይጠራል፣ የተንቀሳቀሰው ጥላ ይሆናል።

እንዲህ ባለው ምስል ላይ ስለሚንሳፈፉት ክብ ክብ የብርሃን ኳሶች ብዙ መናገር አያሻም። የአቧራ ቅንጣት ወይም ትንኝ ከሌንሱ አጠገብ ሲያልፍ አምፖሉ ያበራዋል፤ ሌንሱ ግን ለሩቅ የተስተካከለ ስለ ሆነ አይለየውም፣ አስፍቶ ያደበዝዘዋል። በነፋስ ጊዜ የደቻቱን አሸዋ የበላ የድሬ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። ሸረሪትም ትንኙን ተከትላ በካሜራው አፍ ላይ ድርዋን ታደራለች፤ በሱቁ በር ላይ ረጅም ነጭ ክንድ ሲንጠለጠል ቢታይ፣ ከእርሷ እግር አንዱ ሊሆን ይችላል።

በምስሉ ጥግ ላይ የተጻፈው ሰዓትም ሌላ ነገር ያመጣል። መሣሪያው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጽፍ እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የምንለው በርሱ ዘንድ ባዶ ባዶ ሆኖ ይቆማል፤ ገና የመሸው፣ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚጫወትበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ፣ መሣሪያው በ12 ሰዓት አቆጣጠር ከተሞላ፣ 8 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህንንም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎ አንብቦ «በዚያ ሰዓት ማን ይሄዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በዚህም ላይ የሩቅ ምሥራቁ አምራች የሞላው ሰዓት ሳይታረም ቀርቶ ከሆነ፣ ከቻይና ሰዓት እኛ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ነንና፣ የምሽቱ አላፊ የእኩለ ሌሊት ምትሐት ይሆናል።

እስከዚህ የተናገርነው ማንም ማንንም ሳያታልል ስለሚሆነው ነው። ማታለልም አለ፤ ታሪኩም ከፎቶግራፍ ታሪክ እምብዛም አያንስም። (በዚህና በሚቀጥለው አንቀጽ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የከበረ ማዕድን ቀራጭ የነበረው ዊልያም መምለር በ1860ዎቹ መጀመሪያ የሟቾችን መንፈስ ከሕያዋን ጋር አነሣለሁ ብሎ ስሙ ወጣ፤ በእርስ በርስ ጦርነት ልጃቸውንና ባላቸውን ያጡ እናቶችና ሚስቶች ወደ እርሱ ጎረፉ። ኋላ ግን ከ«መናፍስቱ» አንዳንዶቹ በዚያው በቦስተን በሕይወት የሚመላለሱ ሰዎች ሆነው ተገኙ። በ1869 በኒው ዮርክ ለፍርድ ሲቀርብ ዳኛው ማታለሉን ቢጠረጥርም ማስረጃ አልበቃ ብሎት አሰናበተው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የተገደለው የፕሬዚዳንት ሊንከን ባልቴት ከእርሱ ዘንድ ሄዳ የባሏ ጥላ እጁን በትከሻዋ ላይ ያኖረበትን ሥዕል ይዛ ተመለሰች።

የመምለር ተንኮል ምስሉ በሚነሣበት መስተዋት ላይ በተደረበ ሥዕል ነበር ይባላል። በእንግሊዝ አገር የኮቲንግሊ መንደር ልጃገረዶች ነገር ግን ከዚህ ይረቅቃል። በ1917 ሁለት የአክስት ልጆች ክንፍ ያላቸው ትናንሽ ፍጥረታት በአትክልት መካከል ሲጨፍሩ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ምስሉን የመረመረ ባለሙያ አልተነካካም፣ አልተደረበም ብሎ መሰከረ፤ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይልም አምኖ በ1920 ለዓለም አሳወቀው። ባለሙያው አልዋሸም፣ ምስሉ በእርግጥ አልተነካም ነበርና፤ የተነካው በካሜራው ፊት የቆመው ነገር ነው። ልጃገረዶቹ አርጅተው በ1983 እንደ ተናዘዙት፣ ፍጥረታቱ ከወረቀት ተቆርጠው በባርኔጣ መርፌ የቆሙ ነበሩ። ዛሬም «ቪዲዮው ኤዲት አልተደረገም» የሚለውን ቃል እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚያቀርብልን ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው፤ በቀጭን ክር የሚጎተት ወንበር ምንም ኤዲት አያሻውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከምንም ተነሥቶ ምስል መፍጠር ከጀመረ ወዲህ፣ ጣት በመቁጠርና ጥላ በመለካት ብቻ ሐሰትን እለያለሁ ማለት ቀኑ እያለፈበት ነው። የሚቀረው የምስሉን የትውልድ ሐረግ መጠየቅ ነው፤ ማን ቀረጸው፣ በየትኛው ቤት፣ ዋናው ቅጂ በማን እጅ ነው? በቴሌግራምና በቲክቶክ የዞረ ምስል እየታመቀ መረጃው ስለሚራገፍ፣ እህሉ ተበልቶ የቀረ ገለባ ነው። «ይህ ከዚራ ነው» ቢባል የሱቁ ጽሕፈት በምን ፊደል ነው፣ የግድግዳው መሰኪያ የእኛ አገር ነው ወይ፣ ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ በምን ቋንቋ ነው ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ የሌላ አገር አሮጌ ምስል አዲስ አድራሻ እየተጻፈበት መዞሩ የዘወትር ነገር ነውና።

ይህን ሁሉ የምንጠይቀው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሳይታሰብ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ ሲያጠፋ፣ ሰው በተኛበት ተወስዷል። በደቻቱ አሸዋ ላይ የሚንከራተት መንፈስ ተቀረጸ ብሎ ምስል የሚለቅ ሰው፣ ያ ምስል ዞሮ የማን እናት ስልክ ላይ እንደሚደርስ አያውቅም፤ የመምለር ደንበኞችም እኮ ያዘኑ ነበሩ።

ሁሉ ተመርምሮ የማይፈታ ምስል ይቀራል፤ ይህን አልክድም። ሐዋርያት እንኳ በሌሊት፣ በማዕበልና በድካም መካከል ሆነው ጌታቸውን ምትሐት ነው ብለው መጮኻቸው በወንጌል ተጽፏል፤ ከመካከላቸው ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፣ ባሕሩንም ያውቁት ነበር። ያልተፈታ ማለት ግን ገና ያልተፈታ ማለት ነው እንጂ ለመንፈስ የተፈረደለት ማለት አይደለም። እኔ ብጠየቅ፣ ከመከራከር ይልቅ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ካሜራ ፊት፣ አንዲት የሰፈር ሴት ጥቁር አባያ ለብሳ በዚያው መንገድ እንድታልፍ አደርግና ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አያለሁ። ይህም በቶሎ መደረግ አለበት፤ ቀራጩ ሣጥን ዲስኩ ሲሞላ የቀደመውን በአዲሱ እየደመሰሰ ስለሚቀጥል፣ ነጋዴው ዋናውን ቅጂ ቶሎ ለይቶ ካላስቀመጠ፣ በጥቂት ቀን ወይም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሴትዮዋም ግድግዳውም ከሣጥኑ ይጠፋሉ፣ በሰው ስልክ ያለው ገለባም ብቻውን ይዞራል።